የሀጂ ሰማን ካሜራ ለምን ይጠፋል?

ሀጂ ሰማን የሞቱ ቀን መጀመሪያ ያለቀስነው እኛ ፖሊሶች ነን። ከሀዘን እንዳይመስላችሁ። የመጋዘናቸው የብረት በር ሲከፈት የወጣው የበርበሬ ጭስ ሳጅን ሳላሀዲንን የሚያህል ግዙፍ ሰው እንደ ሕፃን አስለቀሰው፤ እኔንም እያስነጠሰ ግቢው መሃል ዘጭ አደረገኝ። በአጥር ላይ አንገቷን ያሰገገች አንዲት ጎረቤት «ወይ አንጀት! እንዴት ያሉ አዛኝ ፖሊሶች ናቸው» ስትል ሰማኋት። እንኳንም ሽጉጤን መኪና ውስጥ ተውኩት።

ኢንስፔክተር ዮርዳኖስ እባላለሁ። ወልቂጤ ተወልጄ ያደግሁ፣ ቡታጅራ ከተዛወርኩ ሁለት ዓመት ያልሞላኝ ሴት ነኝ። ቁጡ ናት ይሉኛል። አልዋሹም።

እርጥብ ሻሽ ያቀበለችን የሀጂ የወንድም ልጅ ሰልሚያ ናት። ወላጆቿ በልጅነቷ ሞተውባት እዚሁ ቤት ያደገች፣ የቤቱን ሥራ ሁሉ የተሸከመች ዝምተኛ ሴት ነች። ሻሹን አፋችን ላይ አስረን ገባን። ሀጂ ሰማን በሩ ሥር በግንባራቸው ተደፍተዋል። ጥፍሮቻቸው ደምተዋል፤ በሩን ሲቧጥጡ ነበር። መቀርቀሪያው የተዘጋው ከውጭ ነው። ከበሩ ትንሽ ገባ ብሎ አንድ የከሰል ምድጃ ተገልብጧል፤ ፍሙ አንድ ጆንያ ላይ ወድቆ ጆንያው ቀስ እያለ ሲጨስ ቆይቷል። የቀረው ሁሉ፣ የመስቃን ገበሬ በጋሪ ያመጣው ቀይ ዛላ በርበሬ፣ እንዳለ ነው። ማንም አልነካውም።

«ሌባ አይደለም» አለ ሳላሀዲን አፍንጫውን እየጠረገ። «ሌባ ቢሆን ይሸከመው ነበር እንጂ ያቃጥለዋል?»

ምድጃው ውስጥ ሳይቃጠሉ የተረፉ ዛላዎችን በብዕሬ ገለበጥኳቸው። ነጣ ነጣ ያሉ ናቸው፤ ጭራቸውም አንድ በአንድ ተቀንጥሷል። ላስቲክ ውስጥ ከትቼ ያዝኳቸው፤ ሐሳቤ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ከበሩ በላይ፣ በውጭ በኩል፣ ስገባ ቁልቁል ያየኝ አንድ ነጭ ካሜራ አለ።

«ተገላገልን» አልኩ። «ፊልሙን አይተን ወደየቤታችን።»

አይ የኔ ነገር!

* * *

ካሜራው ያየውን የሚልከው መርካቶ ሱቅ ላለው ለልጃቸው ለሙባሪክ ስልክ ነው። ሙባሪክ በማግሥቱ ለቀብር ሲደርስ፣ ዓይኑ እንደ ፍም ቀልቶ፣ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቀነው።

ሀጂ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ወደ መጋዘኑ ሲገቡ ይታያል። ብቻቸውን ገብተው በርበሬያቸውን መለየት ልማዳቸው ነው፤ ማንም አይከተላቸውም። ከዚያ ጥቁር። «ግንኙነት ተቋርጧል» የሚል ጽሑፍ ብቻ። ምስሉ ሲመለስ በሩ ተቀርቅሮ፣ በሥሩ ጭስ እየወጣ ነው።

«ሲቋረጥ አልደነገጥክም?»

«ሁልጊዜ ይቋረጣላ!» አለና ግንባሩን በጡጫ መታ። «እንደ ልማዱ ነው ብዬ ደንበኛ አስተናግድ ነበር። አባቴ እየታፈነ እኔ ጨርቅ እለካለሁ! ግን አውቄዋለሁ፤ ካሜራውን ማን እንዳጠፋው አውቄዋለሁ።»

«ማን?»

«አማኑኤል! የተከለው እሱ፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው እሱ። ባለፈው ሳምንት አባቴ በጥፊ ቢለው 'ይህችን ጥፊ አልረሳትም፣ አንድ ቀን ይቆጭዎታል' ብሎ ዝቶ ነው የወጣው። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

አማኑኤል አደባባዩ አጠገብ ስልክና ዋይፋይ የሚጠግን፣ ሃያዎቹን ያላጋመሰ ወጣት ነው። እኔ ሱቁ ስደርስ የሙባሪክ ዘመዶች ቀድመውኛል። ፊቱን አሳብጠው፣ ሁለት የፊት ጥርሱን አውልቀው፣ ገመድ ፍለጋ ላይ ነበሩ። እግዚአብሔር ይይላቸው፤ ያን ቀን የጮኽኩትን ጩኸት ዘቢዳር ተራራ ሳይሰማው አልቀረም። ከመሃላቸው ነጥቄ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፤ ከዚያም ወደ ጣቢያችን። ተጠርጣሪም ነው፣ ውጭ ካደረም ሟች ነው።

ሙባሪክ ጣቢያው በር ላይ፣ በሰው ፊት፣ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ማለ። «ወላሂ! የአባቴ ለቅሶ ሦስተኛው ቀን እስኪወጣ ብቻ ነው የምታገሠው። ሕግ ካልፈረደበት እኔ እፈርድበታለሁ። የትም ይግባ የት!»

ዘመዶቹም ከጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ተቀመጡ። አለቃዬም ቢሮው ጠርቶኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዮርዲ፣ ልጁ የወልቂጤ ነው። አንቺም የወልቂጤ ነሽ። ያገሯን ልጅ ልታስመልጥ ነው እየተባለ ነው። ሌላ ሰው ካላገኘሽ በሦስተኛው ቀን መዝገቡ በስሙ ይሄዳል።»

«ማስረጃው ምንድን ነው? ጥፊ መብላቱ?»

«መዛቱ» አለኝ።

* * *

የሀጂ ሁለተኛ ሚስት ባሂራ ወጣት ናት፤ ጥቁር ሻርፕ ለብሳ ስትንሰቀሰቅ አገኘኋት። መስቃን ገጠር ለቅሶ ሄዳ፣ ስትመለስ የጭሱን ሽታ ሰምታ የጮኸችው እሷ ነች።

«ያ ካሜራ ቀድሞም ሰላም ነሥቶናል» አለችኝ። «ሀጂ፣ አላህ ይርሐማቸው፣ 'የአብዱልሃፊዝ ዋይፋይ ነው አጥር ዘሎ የኔን የሚረግጠው' ይሉ ነበር። ሊካሰሱ ትንሽ ነው የቀራቸው።»

አብዱልሃፊዝ አጥር የሚጋሯቸው በርበሬ ነጋዴ ናቸው። ሄድኩ። ሽማግሌው ሰላምታዬን እንኳ ሳያስጨርሱኝ ጀመሩ።

«ወዓለይኩም ሰላም። ስለ ኢንተርኔቱ ከሆነ የኔ ኢንተርኔት ከግቢዬ ወጥቶ አያውቅም!»

ሳላሀዲን ሳቁን ዋጠ። «ሀጂ ሰማን አጥር ያልፋል ብለው ነበር።»

«ዱሮ በሬህ አለፈ ብሎ ከሰሰኝ። ቀጥሎ የባሕር ዛፌ ጥላ አለፈ ብሎ። አሁን ደግሞ የማይታይ ነገር! ልጄ፣ የማይታይ ነገር በምን ይታጠራል?»

«ያን ቀን ከአስር በኋላ የት ነበሩ?»

«መስጊድ፣ ዕርቅ ላይ። ሰባት ሽማግሌ ጠይቂ።»

ጠየቅሁ። ሰባቱም እዚያ ነበሩ፤ ሰባቱም ብዙ እንዳወሩ መሰከሩባቸው። አንዱን ቀን እንዲሁ በላሁት።

* * *

በሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ ሳላሀዲን ክትፎ በቆጮ እየጠቀለለ ሳቅ አፈነው።

«ምን ያስቅሃል?»

«ያ ልጅ እኮ ነው። ጤና ጣቢያ ቃሉን ስቀበል አፉ አብጦ አይሰማም፤ ግን ያለኝን ብታይው! 'ካሜራውን የሚያጠፋው ምግብ ማሞቂያው ነው' አይለኝም? እኔም ቡጢው አናቱን ሳይነካው አልቀረም ብዬ ተውኩት።»

እጄ ላይ የነበረው ጉርሻ ወደ ሳህኑ ተመለሰ። «መዝገብ ላይ አልጻፍከውም?»

«እንዴ፣ ምን ብዬ ልጻፍ? 'ገዳዩ ማሞቂያ ነው' ብዬ?»

«ሳላሀዲን፣ ያ ልጅ ነገ ቢታረድ ደሙ በአንተ ጉርሻ ላይ ነው!» ብዬ ተነሣሁ። ምግብ ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየን። ይየን።

አማኑኤል በከንፈሩ እብጠት መሃል ቃላት እየለቀመ ነገረኝ። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሄዷል። ሦስተኛው ቀን ምክንያቱን አገኘ፤ ሙባሪክ ከአዲስ አበባ ለአባቱ ቤት ያመጣው ማይክሮዌቭ ነው። ለሀጂ፣ ባሂራና ሰልሚያ ባሉበት ነገራቸው። ሀጂም «የልጄን ስጦታ ነው የምትሰድበው?» ብለው በጥፊ አጮሉት።

«ለምን ለኔ አልተናገርክም?»

«ለሳጅኑ ነገርኩት፤ ሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ ማንን ልመን?»

«ሞቱ በደረሰበት ሰዓት ማን ነበር አብሮህ?»

«ጥርሴ» አለ። «የጥርስ ሕመም ይዞኝ ሱቄን ዘግቼ ተኝቼ ነበር። አሁን ግን የሚያመኝን ጥርስ አውልቀውልኛል።» ሊስቅ ሞከረና ዓይኑ እንባ ሞላ። «እህቴ፣ ይገድሉኛል አይደል?»

«እኔ እያለሁ?» አልኩት። ልቤ ግን እንደ አፌ አልነበረም።

* * *

ካቴናውን ፈትቼ ወደ ሀጂ ቤት ይዤው ስገባ ለቅሶተኛው ሁሉ ብድግ አለ። ሙባሪክ መንገዱን ዘጋ።

«የአባቴን ገዳይ የአባቴ ቤት ታስገቢያለሽ?»

«ዞር በል» አልኩት። «ካልሆነ አንተንም ከሱ ጎን አስርሃለሁ፤ ያኔ ጥርስህን ማን እንደሚጠብቅልህ አላውቅም።»

ወጥ ቤቱ ውስጥ አንድ የብረት ቁም ሳጥን አለ። ሀጂ ሰማን ሰው ኢንተርኔቴን ይሰርቀኛል ብለው ራውተሩን እዚያ ቆልፈውበታል። ከሳጥኑ አናት ላይ ማይክሮዌቩ ተጎልቷል፤ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ፣ የላስቲክ አበባ ተደርቦበት። ሀጂ በሱ የሞቀ አልበላም ስላሉ ጌጥ ሆኖ ነው የቀረው። ባሂራ ብቻ አልፎ አልፎ ሻይዋን ታሞቅበታለች።

አማኑኤል ከወጥ ቤቱ እስከ መጋዘኑ ያለውን መንገድ በእጁ አሳየኝ። «ሲግናሉ መጀመሪያ ከብረት ሳጥን ይወጣል። ከዚያ የብሎኬት ግድግዳ። ከዚያ ይሄ ሁሉ እንሰት፤ እንሰት ግማሹ ውሃ ነው፣ ይጠጣዋል። ከዚያ የመጋዘኑ ቆርቆሮ። ካሜራው ጋ የሚደርሰው እንጥፍጣፊ ነው። ማይክሮዌቩ ደግሞ ሲሠራ ከውስጡ የሚያመልጠው ሞገድ ከዋይፋዩ ጋር አንድ ዓይነት ነው። እንጥፍጣፊዋን ይውጣታል።»

«የአብዱልሃፊዝ ዋይፋይስ?»

«እሱ ቢያንቀራፍፈው ነው እንጂ አያጠፋውም።»

«እስቲ አሳየኝ።»

የሙባሪክን ስልክ ተቀብዬ ያዝኩ። በስክሪኑ ላይ የመጋዘኑ በር፣ በሩ ላይ የቆመው ሳላሀዲን፣ ሆዱን ሲያክ ሳይቀር ይታያል። አማኑኤል የማይክሮዌቩን በር ሊከፍት ጨርቁን ሲገልጥ ቆም አለ። ውስጡ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ተቀምጧል፤ ግማሽ ድረስ ውሃ ይዟል፣ ከውሃው በላይ የፈላ ውሃ ነጭ ምልክት ዙሪያውን ቀርቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ባሂራ።

«አሁን አስነሣው» አልኩት አማኑኤልን በችኮላ፤ እሱም በችኮላዬ ደንግጦ ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ መጉረምረም ጀመረ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሳላሀዲን እጁ ሆዱ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ጠፋ። «ግንኙነት ተቋርጧል።» ማሽኑ ሲቆም ጥቂት ቆይቶ ሳላሀዲን ተመለሰ፤ አሁን አፍንጫውን ይነካካል።

ሙባሪክ ስልኩን አየ፣ ማይክሮዌቩን አየ፣ አማኑኤልን አየ።

«ይህን ሳህን ማን ከተተው?» አልኩ። «ምድጃው ላይ ቀኑን ሙሉ ጀበናና ብረት ድስት በሚጣድበት ቤት፣ ውሃ እዚህ ውስጥ የሚያፈላ ማነው?»

ሰልሚያ በሩን ተደግፋ ቆማለች። «እኔ ነክቼው አላውቅም» አለች ቀስ ብላ። «ባሂራ ናት የምትጠቀምበት።»

«ድሮም!» ብሎ ሙባሪክ ወደ እንጀራ እናቱ ዞረ፤ ጡጫው ወደ ላይ ተነሣ። «ድሮም ጠርጥሬሽ ነበር! አባቴን ለርስቱ ነው ያገባሽው! ወላሂ...»

እጁን ጠምዝዤ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ያ ሰው የሚገድለው ሰው ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ ማንነቱ ብዙም አልገደደውም። አናደደኝ፣ ከልቤ አናደደኝ።

* * *

ባሂራ ለቅሶ ነበርኩ ያለችበት መንደር ከቡታጅራ ብዙ አይርቅም። መኪናው መንገድ ሲያልቅበት በእግራችን ገባን። ሴቶቹ ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ላይ በርበሬ ከፊታቸው ከምረው ይቀነጥሳሉ።

«ባሂራ? አዎ እኛ ጋር ነበረች» አለችኝ አንዷ። «ከጠዋት ጀምሮ እስከ ማታ ድረስ። እንዲያውም ከሁላችንም በላይ የበላችው እሷ ነች።»

ሌሎቹ ሳቁ፣ መሰከሩም። ባሂራም ከተጠርጣሪነት ወጣች ማለት ነው። ቆሜ እጃቸውን ማየት ጀመርኩ፤ ድካም ሲይዘኝ ዝም ብዬ የሰው እጅ አያለሁ። ጭራዋን ቀንጠስ፣ ቀዩን ወደዚህ። ጭራዋን ቀንጠስ፣ ነጩን ወደዚያ። ወሬያቸውን እያወሩ፣ ሳያዩ።

ላስቲኩን ከኪሴ አወጣሁ። ነጣ ያሉ ዛላዎች። ጭራቸው ተቀንጥሷል።

አማኑኤል ቢሆን፣ ሌላ የውጭ ሰውም ቢሆን፣ መጋዘኑ በር ላይ አፉን ከከፈተው ጆንያ አንድ እፍኝ ዘግኖ ፍሙ ላይ ይበትን ነበር። ይሄን ያቃጠለው ግን ተቀምጦ ለይቷል። ሰው ሊገድል እየሄደ ቀዩን በርበሬ ማባከን እጁ እምቢ ብሎታል! በዚያ ቤት በርበሬ ስትለቅም ያደገች እጅ ነች።

«እናቴ፣ ይህን ነጩን ምን ታደርጉታላችሁ?» አልኳት ሴትዮዋን።

«ርካሽ ነው፣ ይሸጣል። ለማጠኛም ይሆናል።»

«ለማጠኛ?»

«ልጅ ሲያስቸግር ነዋ። ጭሱን ማሽተት ነው፤ ሁለተኛ አይለምደውም።» አየችኝና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሁንስ ቀርቷል። መንግሥትም ይከለክላል።»

እኔም ልጅ ሆኜ ዛቻውን ሰምቼዋለሁ፤ የጉራጌ ልጅ ብቻ ሳይሆን ያልሰማው የለም። የተቀረቀረ በር፣ ትንሽ ምድጃ፣ እፍኝ ነጭ በርበሬ። ይሄ ቅጣት ነው። ሀጂ ሰማንን የገደላቸው ሰው እንደ ባለጌ ልጅ ነው የቀጣቸው።

* * *

አብዱልሃፊዝ ጋር ተመለስኩ። አሁን ስለ ዋይፋይ አልጠየቅኋቸውም።

«ሀጂ ሰማን ልጅ ያጥኑ ነበር?»

ሽማግሌው የሙስባሃቸውን ጠጠር መቁጠር አቆሙ። «የሞተ ሰው ክፉ አይነሣም።»

«የቆመው ሊሞት ነው። አማኑኤልን ነገ ይገድሉታል። እርስዎም ጀናዛውን ቆመው ያዩታል።»

ከዚያ ወደ አጥሩ እያዩ ተናገሩ። «ሰልሚያ ታናሽ ወንድም ነበራት፤ ሽፋ የሚባል። ሰባት ዓመት አልሞላውም ነበር። ደረቱ ደካማ ነው። ምን እንዳጠፋ እንጃ፣ ያ መጋዘን ውስጥ አስገብቶ አጠነው። በዚህ አጥር በኩል ሳሉን እሰማ ነበር። ከዚያ ሳሉ ቆመ።»

«እና?»

«አስም ነው አሉን። እኛም አስም ነው ብለን ቀበርን።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሀጂ ሰማንን አንቱ ስል ነበር። ከዚያ በኋላ አፌ እምቢ አለኝ።

* * *

ሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰልሚያን ጣቢያ አስጠራኋት። ከውጭ፣ ከዛፉ ሥር፣ የሙባሪክ ዘመዶች ቁጥራቸው በርክቷል። ዱላ የያዙም አሉ። የለቅሶው ሰደቃ፣ የሙት ግብዣው፣ እንዳበቃ ወደኛ እንደሚመጡ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁ። «ለምን ቀዩን አላቃጠልሽም?»

ሰልሚያ ዛላዎቹን አየቻቸው፤ ከዚያ እጆቿን። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል አየኋት። «ሳላውቀው ነው» አለች። «ማታ ተቀምጬ ለየሁት። ቀዩን ማቃጠል ሐራም ይመስለኛል። እሱ ነው እንዲህ ያሳደገን።»

«ማይክሮዌቩስ?»

«ስንት ዓመት ስፈልግ የኖርኩትን ያ ልጅ በነጻ ነገረኝ። ሙባሪክ ካሜራውን ካስተከለ ወዲህ መጋዘኑ ጋ መድረስ አልተቻለም፤ አዲስ አበባ ሆኖ ያያል። አማኑኤል ሲናገር ሰማሁ፣ ጥፊውንም ሰማሁ። ባሂራ ለቅሶ የምትሄድበትን ቀን ጠበቅሁ።»

«ከዚያ?»

«ምድጃውን አስገብቼ ቀረቀርኩ። መጀመሪያ ሰደበኝ። ቀጥሎ አዘዘኝ። ቀጥሎ ለመነኝ።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «በሩ ላይ አፌን አስጠግቼ 'ስሙን ጥራና እከፍትልሃለሁ' አልኩት። የምሬን ነው ኢንስፔክተር። ቢጠራው እከፍትለት ነበር። 'የማንን ስም?' አለኝ። 'የሽፋን' አልኩት።»

«ምን አለሽ?»

«'ሽፋ ማነው?' አለኝ።»

ሳላሀዲን መጻፉን ትቶ ቀና አለ። እኔም ውሃ ጠጣሁ፤ ምንም አልጠማኝም ነበር።

«አዝነሻል?» አልኳት።

«አላዘንኩም። ሁለቴ ብገድለው ደስ ይለኝ ነበር።»

«አማኑኤልስ? ጥርሱን አውልቀውታል። ውጭ ሊገድሉት ተሰብስበዋል። እሱ ምን አደረገሽ?»

ያኔ ብቻ ዓይኗን ሰበረች። «እሱ አሳዝኖኛል። ግን ዛሬን ብቻ እንዲታገሥልኝ ነበር። ዛሬ ሰደቃው ላይ፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ 'ደግ ሰው ነበሩ፣ አባት ነበሩ' ሲል፣ መሃል ቆሜ ልናገር ነበር። በሰው ፊት። ሽፋ ሲቀበር አንድ ሰው እንኳ ስሙን ጮክ ብሎ አልጠራውም። አንቺ ቀደምሽኝ።» ከዚያ ቀና አለች። «ያን ቀን በሩን ማን እንደያዘውስ ነግረውሻል?»

«ማን?»

«ሙባሪክ።»

* * *

ሙባሪክን ቢሮዬ ጠርቼ ሁሉንም ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አስም ነበረበት» አለ።

«በሩን ማን ያዘው?»

«አባቴ ያዝ አለኝ... ልጅ ነበርኩ። ገና አሥር ዓመቴ ነበር። 'ሲለምን እንዳትከፍት' አለኝ።» እጁን አፉ ላይ አደረገ። «አልከፈትኩም።»

ለአፍታ አሳዘነኝ፤ አልዋሽም። ከዚያ የአማኑኤል አፍ ትዝ አለኝ፣ ሀዘኔታዬም በነነ።

«አሁን ውጣና ለዘመዶችህ ንገር።»

«እሺ፣ ልጁ ንጹሕ ነው እላቸዋለሁ። ሌላውን ግን... ኢንስፔክተር፣ አባቴ ገና ከትናንት ወዲያ ነው የተቀበረው። ስሙን አታስጠፊኝ። ሰልሚያ አበደች እንበል።»

«ስም?» ጠረጴዛውን ስመታ ብዕሮቹ ዘለሉ። «ዝም ብለህ ንጹሕ ነው ብትል ያምኑሃል? ያገሯ ልጅ ስለሆነ አስመለጠችው ነው የሚሉት። ነገ ሱቁ ውስጥ በድንጋይ ይጨርሱታል። ገዳዩንም ምክንያቱንም ከአንተ አፍ ካልሰሙ ያ ልጅ ሞተ። በሰው ፊት ምለህበታል፤ በሰው ፊት መሐላህን ታነሣለህ። ወይ አንተ ትናገራለህ ወይ እኔ፤ እኔ ደግሞ ስናገር ምርጫ የለኝም፣ እጮሃለሁ።»

ወጣን። አማኑኤልን በቀኜ ይዤ፣ ሙባሪክ በግራዬ። ዘመዶቹ አማኑኤልን ሲያዩ ብድግ አሉ፤ ዱላዎቹም አብረው ተነሡ። ጎረቤቶች፣ ባጃጅ ነጂዎች፣ አብዱልሃፊዝም ሳይቀሩ መንገዱን ሞልተውታል።

ሙባሪክ እጁን አነሣ። «ይህን ልጅ ማንም እንዳይነካው» አለ። «በሱ ላይ የማልኩትን አንሥቻለሁ። አባቴን የገደለችው ሰልሚያ ናት።»

ጫጫታ ተነሣ። «ለምን?» አለ አንድ አጎቱ። «ምን አደረጋት? አሳደጋት እንጂ!»

ሙባሪክ ወደኔ ዞሮ አየኝ። ዓይኔን ከሱ ላይ አልነቀልኩም። ጭንቅላቱን ደፍቶ፣ ከጉሮሮው በማይወጣ ድምፅ፣ መሬቱን እያየ ተናገረ። «አባቴ ወንድሟን ሽፋን በበርበሬ አጥኖ ገድሎታል። በሩን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ፊት የቆሙት ሰሙ፤ ኋላ ያሉት አልሰሙም። «ምን አለ? ምን አለ?» ተባባሉ። ያኔ ከኋላችን፣ ከማረፊያ ክፍሉ መስኮት፣ የብረቱን ፍርግርግ በሁለት እጇ ይዛ ሰልሚያ ጮኸች።

«አልሰማሁም! ጮክ በል!»

ሙባሪክ ትከሻው ተሸማቀቀ። አማኑኤልን አየው፣ መስኮቱን አየው። ከዚያ አንገቱን አቅንቶ፣ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማው ድረስ፣ የልጁን ስም ከነአባቱ ስም ጠርቶ ደገመው።